በሦስተኛው ጎማ ላይ የምትንጠለጠለው

አክስቴ ሞተር ነድታ አታውቅም። መንጃ ፈቃድ የላትም፤ ብስክሌት ስትጋልብ እንኳን ያያት ሰው የለም። ሆኖም ከድሮ የሞተር ውድድር ወዳጆች አንዱን ይዛችሁ «ከሁሉም ማንን ታከብራለህ?» ብትሉት፣ አገጩን እያሻሸ የነጂዎቹን ስም ከደረደረ በኋላ «እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ሚዛንን ነው» ይላችኋል። ሚዛን አክስቴ ናት። ስሙ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ማሽኑን ማወቅ ግድ ነውና፣ እሱን አስቀድሜ ልገላገለው።

ነገሩ ባለሦስት ጎማ ሞተር ነው። በግራ በኩል የምታውቁት ሞተር ብስክሌት አለ፤ በቀኙ ደግሞ አንድ ጎማ ያለው ጠፍጣፋ ጣውላ ተያይዞበታል። በአያቶቻችን ዘመን እዚያ ጣውላ ቦታ ላይ ወንበር ነበር፤ ባል ሚስቱን አስቀምጦ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድበት ምቹ ነገር። እሽቅድምድም ልባቸውን የሰለባቸው ሰዎች ወንበሩን ነቅለው ጣሉት፤ ቁመቱን እያሳጠሩ፣ ክብደቱን እየቀነሱ፣ በመጨረሻ ጣውላና ጥቂት የብረት እጀታ ብቻ አስቀሩ። ነጂው ተንበርክኮ ይነዳል። ሁለተኛው ሰው ጣውላው ላይ ነው፤ መቀመጫ የለው፣ ቀበቶ የለው። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ራሱን ወደ ውጭ ይጥላል፤ ትከሻው ከአስፋልቱ ጋር ሊሳሳም ትንሽ ይቀረዋል። ወደ ግራ ሲታጠፉ ደግሞ ተስፈንጥሮ ከነጂው ጀርባ፣ ከኋላው ጎማ በላይ ይተኛል። ይህን ካላደረገ ማሽኑ ይገለበጣል። በአንዳንድ አገር ይህን ሰው ዝንጀሮ ይሉታል። እኛ ዘንድ ግን አክስቴን ዝንጀሮ ብሎ ጥርሱን ሳይለቅም የሚሄድ ስላልተገኘ ሚዛን ተባለች።

ነጂው አባቴ ነበር፤ የእሷ ታላቅ ወንድም። ሲጀምሩ ሁለቱም ለጋ ወጣቶች ነበሩ። የአባቴ የመጀመሪያ ተንጠልጣይ በውድድሩ ዋዜማ ትከሻውን ሰብሮ ተኛና አባቴ ግቢውን ሲዞር ዋለ። አክስቴ ያኔ ሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ ሥራ መጀመሯ ነበር። ውሃ የጠጣ አንሶላ ከማጠቢያው ከበሮ ውስጥ እየጎተቱ ማውጣት ክንድ ያወጣል፤ በእሷ ላይ አይቼዋለሁ። «እኔ እወጣልሃለሁ» አለችው። «ሴት አይፈቅዱም» አላት። «ሄልሜት ካጠለቅኩ ማን ያውቀኛል?» አለችው። ማንም አላወቃትም። ያወቋት ውድድሩ አልቆ ሄልሜቷን ስታወልቅ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከአሸናፊዎቹ ተርታ ስለነበሩ ጉድ ከማለት በቀር የሚሉት አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲያ አልወረደችም። አንድ ጥሩ ሰው፣ ጫማ ሻጭ፣ ሊያገባት ጠይቋት ነበር። አንድ ቀን ከማጠፊያው ጥግ ቆሞ ሲያያት ዋለና ማታውኑ «ወይ እኔን ወይ ያንን ብረት» አላት። አክስቴም ሰውየውን በትህትና እስከ በሩ ሸኘችው። «ደግ ሰው ነበር፤ ግን ከማሽን ጋር ራሱን ካወዳደረ ምን ላድርገው?» ትላለች እስከ ዛሬ። እናቴ ስትሞት እኔ ገና ልጅ ስለነበርኩ፣ ያሳደገችኝም እሷው ናት። ይህን የምናገረው አክስቴ ለእኔ ማን እንደሆነች እንድታውቁ ብቻ ነው።

የዚያን ዘመን ውድድር ያላየ ሰው አይገባውም። የተለየ ሜዳ የለም፤ ሰው የሚሄድበት መንገድ ለአንድ ቀን ይዘጋና በየማጠፊያው የታሰረ ጭድ ይደረደራል። በቃ፣ ጥንቃቄው ይኸው ነው። ከጭዱ በስተጀርባ የሰው ቤት ግንብ አለ፣ የመብራት ምሰሶ አለ፣ በመስኮት አንገታቸውን ያሰገጉ ሰዎች አሉ። ለሞተሩ የሚቀባው የጉሎ ዘይት ስለነበር አየሩ ሁሉ ይሸታል፤ ያንን ጭስ ቀኑን ሙሉ የሳበ ሆዱ ሲላወስ ያድራል ተብሎ ይቀለዳል። የአባቴ ሞተር ሁለት ሲሊንደሩ ግራና ቀኝ የተኛ የጀርመን ሥሪት ነበር። ያ ዓይነት ሞተር በባለሦስት ጎማ ውድድር ለሃያ ዓመት ያህል ሌላውን አቧራ ሲያስቅም የኖረ ነው። በኋላ ቀላሎቹና ጯሂዎቹ ሞተሮች መጥተው ቀደሙት። እነሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበራቸው፤ በሙሉ ፍጥነት ላይ እያሉ ድንገት ይነክሳሉ፣ ይደርቃሉ። ሞተሩ ሲነክስ ወዲያው ከጎማው ለማላቀቅ፣ ነጂው የግራ ጣቶቹን ከፍሪሲዮኑ ላይ ሳያነሳ ነው የሚሄደው። ካነሳ ቀብር ነው። እኔ ያደግሁት እንዲህ ያለውን ወሬ ምሳ ላይ እየሰማሁ ነው፤ እገሌ እዚህ ማጠፊያ ላይ ቀረ፣ እገሌ እዚያ ድልድይ ላይ ቀረ። ሞተ አይሉም፣ ቀረ ነው የሚሉት።

ዘመኑ አለፈ። የተለየ ሜዳ ተሠራ፣ አዳዲስ ማሽን መጣ፣ የእኛም ውድድር «የድሮ ማሽኖች ውድድር» ተባለና የሸበቱ ሰዎች የሸበተ ሞተር ይዘው በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚገናኙበት ሆነ። ሰው ይህን ሲሰማ ሽርሽር ይመስለዋል። ግንቡ ግን ያው ግንብ ነው፤ አልለሰለሰም።

አባቴና አክስቴ ማሽኑ ላይ አይነጋገሩም። ሊነጋገሩ ቢፈልጉስ? ሄልሜት አለ፣ ንፋስ አለ፣ ሞተሩ ጆሮ ያደነቁራል። ማጠፊያ ሲቃረብ እሷ ቀድማ ቦታዋን ትይዛለች፣ እሱ ፍሬን ይይዛል፣ ይታጠፋሉ። የሚያይ ሰው አንድ ሰው ናቸው ይላል። እኔም እንዲያ ነበር የምለው። እውነት ለመናገር እቀናም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ጣውላ ተመኝቼዋለሁ፤ ግቢያችን ውስጥ በቆመው ማሽን ላይ ወዲያና ወዲህ እየተወረወርኩ ተለማምጃለሁ፣ ጉልበቴ ጠባሳ በጠባሳ ነው። አክስቴ ደግሞ እያረጀች ነበር። ላውንደሪው እጇን በላባት። እንፋሎት፣ ሳሙና፣ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ የማሽን እጀታ። ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት እንደ ሻማ ነጭ ይሆናሉ፤ ቁልፍ ለመቆለፍ እኔን ትጠራለች። «እቴቴ፣ በቃሽ እንጂ» ስላት «እጄ ደህና ነው፣ አንቺ አርፈሽ ሰሌዳሽን ያዢ» ትለኛለች።

ሰሌዳ ያለችው የእኔ ሥራ ነው። ከመነሻው ግንብ ጋ ቆሜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንተኛ እንደሆኑ፣ ከፊታቸው ማን እንዳለ በትልቁ ጽፌ አነሳለሁ። አባቴ ሲያልፍ አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ ያደርጋል፤ አየሁት ማለቱ ነው።

አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ አባቴ ካንዴላ እየወለወለ፣ አክስቴ ጨርቅ ይዛ ቆማ ሳለ፣ «ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ አንቺ ነሽ የምትወጪልኝ» አለኝ። ደስታ አቅሌን አሳተኝ። አክስቴን ልስማት ስዞር ፊቷን አየሁት። ክፉ መርዶ የሰማ ሰው ፊት ነበር። «ገና ናት» አለች። «ገና ሳይሆን አርጅታለች፤ በዚህ ዕድሜዋ እኔ ልጅ ነበረኝ» አለ አባቴ እየሳቀ። «ገና ናት አልኩህ፣ ወንድም ጋሼ። ከእኔ ሌላ ማንም አይወጣም» አለችና ጨርቁን ጥላ ወጣች። እኔ ምቀኝነት መሰለኝ። ሆዴ በእሷ ላይ እንደዚያን ቀን ሻክሮ አያውቅም።

ከሳምንታት በኋላ፣ የልምምድ ቀን፣ ብዙዎቹን ጭጋግ አስቀርቷቸው ጥቂት ማሽኖች ብቻ ሲዞሩ ነበር። አባቴ ጣቱን ብድግ እያደረገልኝ ደጋግሞ አለፈ። ሥራ ፈትቼ ስለነበር ላስቀው ብዬ ሰሌዳው ላይ «አባዬ ሱሪህ ከኋላ ተቀዷል» ብዬ ጻፍኩና አነሳሁ። መጡ። አጠገቤ ቆሞ የነበረው ቧንቧ ሠራተኛ፣ የውድድር አፍቃሪ ጎረቤታችን፣ በሳቅ ፈረሰ። አክስቴ ከጣውላው ላይ አንገቷን መዝዛ አነበበች፤ ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ አየሁ። አባቴ ጣቱን ብድግ አደረገ። እንደ ሁልጊዜው፣ አንዴ፣ በእርጋታ።

በሚቀጥለው ዙር ባዶ ሰሌዳ አነሳሁ። ጣቱን ብድግ አደረገ። ከዚያ ሰሌዳ ሳልይዝ ቆምኩ። ጣቱን ብድግ አደረገ። ቧንቧ ሠራተኛው አሁንም ስለ ሱሪው እየሳቀ ነበር።

በማግስቱ ላውንደሪው ድረስ ሄድኩባት። የዚያ ክፍል ግድግዳ ሁሌም እርጥብ ነው፤ ትልልቆቹ ከበሮዎች ሲዞሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ለመሰማማት መጮህ ያስፈልጋል። አክስቴ ስታየኝ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ አስያዘችኝና ማጠፍ ጀመርን።

«አባዬ አያይም» አልኳት።

«ፊቱ ላይ የመጣ ነገር በደብዛዛው ይታየዋል። ከዚያ ያለፈው ጭጋግ ነው።»

«ታውቂያለሽ?»

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። ጨፈንኩ። አንሶላውን በመጠኑ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው፤ እጆቼ ሳላስበው ተከትለው አጠፉት። ወደ ጎን ሳብ አደረገችው፤ እሱንም አጠፍኩት። ዓይኔን ስከፍት አንሶላው ልክ በልኩ ታጥፎ በመካከላችን ነበር። «እንዲህ ነው» አለችኝ። «ድሮ እሱ ፍሬን ሲይዝ እኔ ወደ ቦታዬ እሄድ ነበር። አሁን እኔ ስሄድ ነው እሱ ፍሬን የሚይዘው። በየትኛው ቀን እንደተገለበጠ እኔም አላውቅም፣ እሱም አያውቅም።»

የቆሸሸ ልብስ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። «ካወቅሽ ታዲያ ለምን ትወጫለሽ? አብደሻል?»

«እኔ ስወርድ ማን ሊወጣ ነበር?» አለችኝ።

እኔው ነበርኩ። መንገዱን እንደ እሷ የማላውቀው፣ እሱ ፍሬን እስኪይዝ የምጠብቀው እኔ፤ እሱ ደግሞ እኔ እስክንቀሳቀስ ይጠብቃል። ሁለታችንም እየተጠባበቅን ግንቡ ይመጣል። አክስቴ ያን ሁሉ ጊዜ በምቀኝነት ስጠረጥራት፣ እሷ በሰውነቷ በር ዘግታብኝ ነበር። አልቅሼ ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ጊዜ አልሰጠችኝም። እጇን ዘረጋችልኝ። «ይኸውልሽ፣ ሌላው ጣጣ ደግሞ ይሄ ነው። ብረቱን መያዜን የማውቀው በዓይኔ አይቼ ነው። ጣቶቼ አይነግሩኝም።»

አንዱ አያይም፣ ሌላዋ አይሰማትም፣ ሁለቱ ደግሞ በዚያ ፍጥነት በሰው ቤት ግንብ ሥር ያልፋሉ። እጇ ለአፍታ ሸርተት ቢል፣ መንቀሳቀሷ ለእሱ ማጠፊያ ነው፤ በቀጥታው መንገድ ላይ መሪውን ይጠመዝዛል። ይህን ሁለታችንም ሳንናገረው ገባን።

«ንገሪው» አልኳት።

«ነግሬዋለሁ። ‹አንቺ እያለሽ አያለሁ› አለኝ። ደግሜ ስነግረው ጮኸብኝ። ከዚያ በኋላ ‹ደክሞሻል፣ ልጄን አወጣለሁ› ያለው ይኼንኑ በመናገሬ ነው።»

በዚያው ቀን ማታ አባቴን ፊት ለፊት ነገርኩት፤ እንደማልወጣም፣ ለምን እንደማልወጣም። ጥፍሩን በቤንዚን ጨርቅ እያጸዳ ሰማኝ። ሲቆጣ ብልጭ የሚል ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን አልተቆጣም፣ ያ ነው ያስፈራኝ። «ከፈራሽ ቅሪ» አለኝ። «ቧንቧ ሠራተኛው ስንት ጊዜ ለምኖኛል። ከዚህ ውድድር በኋላ እሱን አወጣለሁ፣ እሷም ታርፋለች።» ለቧንቧ ሠራተኛው ስነግረው ሳቀብኝ። «አባትሽ? በዚህ አገር ወድቆ የማያውቅ ሰው ማን አለ፣ ከእሱ በቀር? የጣውላው ነገር ከንክኖሽ ነው» አለኝ። የሦስት ልጆች አባት ነው። በእሱ ቦታ ሆኜ ብሰማው እኔም አላምንም ነበር።

የቀረኝ መርማሪው ነበር። ከየውድድሩ በፊት ማሽኑንም ሰውንም የሚፈትሹ አንድ ሽማግሌ አሉ። ብሎን ይነካካሉ፣ ጎማ ይረግጣሉ፣ ነጂውን ዓይን ዓይኑን እያዩ ይቀልዳሉ፣ ከዚያ የነዳጅ ታንኩ ላይ በኖራ ቁራጭ ምልክት ያደርጋሉ። ያለ ኖራው ማንም አይነሳም። በውድድሩ ቀን ጠዋት ጥግ ይዤ «አባባ፣ አባቴ አያይም። በአምላክ፣ ዓይኑን ይፈትኑልኝ» አልኳቸው። ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ ከዚያ ወደ ማሽኑ ሄዱ።

«ሰማህ ወይ» አሉት አባቴን፣ «እስቲ እዚያ ማዶ ግንቡ ላይ ያለውን አንብብልኝ።»

ግንቡ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ የጎማ ማስታወቂያ አለ። አባቴ ቀና ብሎ ቁልጭ አድርጎ አነበበው፤ እያንዳንዱን መስመር፣ እስከ ታችኛው የሱቁ አድራሻ ድረስ። እሳቸውም እየሳቁ ትከሻውን መታ አደረጉትና ኖራቸውን አወጡ። እኔ ግን ግንቡን አየሁ። የታችኛው መስመር የለም። ባለፈው ክረምት ልስኑ ተቀርፎ ወድቋል፤ ቦታው ባዶ ጡብ ነው። አባቴ የሌለውን ነበር ያነበበው።

«አባባ! መጨረሻው መስመር እኮ የለም! ዞር ብለው ይዩት!» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው ዞር አላሉም። «ልጄ፣ የሚወዱት ሰው ሲሄድ መጨነቅ ያለ ነው። ሂጂ ውሃ ጠጪ» አሉኝና ታንኩን በኖራ አሰመሩት። አባቴ ድምፄን ወደሰማበት ፊቱን አዞረ። «ልጄ ነሽ አንቺ?» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አክስቴ ይህን ሁሉ ከማሽኑ ማዶ ቆማ፣ ጓንቷን በጥርሷ እየጎተተች ትሰማ ነበር። ስታልፍ ጠጋ አለችኝ። «ሰሌዳሽን ተይው። መነሻው ጋ ቁሚ» አለችኝ። «ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት። «የምችለውን» ብላኝ ሄደች።

እነዚህ አሮጌ ማሽኖች ተገፍተው ነው የሚነሱት። ይህ ሰዓት ለእኔ ሁሌም ከውድድሩ ሁሉ አስፈሪው ነው። ሞተሮች በሙሉ ይጠፋሉ፤ ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ባንዲራው ሲወርድ መጀመሪያ የሚሰማው የጫማ ኮቴ ነው። ነጂው መሪውን ይዞ እየሮጠ፣ ተንጠልጣዩ ከኋላ እየገፋ፣ ሞተሩ ያስነጥስና ይያዛል፤ ነጂው ዘሎ ይንበረከካል፣ የሚገፋውም ዘሎ ጣውላው ላይ ይወድቃል። እነ አባቴ በልምምዱ ስለዘገዩ ከመጨረሻው ረድፍ ነበሩ፤ ከኋላቸው ማንም አልነበረም። አክስቴ ይህንን ቀድማ አስባበት እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ባንዲራው ወረደ። ኮቴው ተንጋጋ። ከፊት ያሉት እየተያዙ፣ እየጮሁ፣ በጢስ ተሸፍነው ሄዱ። የአባቴም ተያዘ፤ ዘሎ ተንበረከከ። አክስቴ እጇ ብረቱ ላይ እንዳለ ሮጠች፣ ሮጠች፣ ከዚያ ለቀቀችውና ቆመች።

አባቴ እሷ ጣውላው ላይ ስትወድቅ የሚሰማውን ንዝረት በጉልበቱ ነበር የሚጠብቀው። ሳይመጣ ሲቀር ወዲያው ጋዙን ለቀቀ፣ ፍሬን ያዘ፣ ሞተሩ ጠፋ። ሌሎቹ ማጠፊያውን ዞረው ድምፃቸው ራቀ። ከማሽኑ ወርዶ ሄልሜቱን አወለቀ። በመንገዱ ግራ በጥቁር ሸራ የተሸፈነ፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ውስጥ የገባ አንድ እስር ጭድ ነበር፤ የተኛ ሰው ያክላል።

«ሚዛን!» አለ። «ሚዛንዬ፣ ወደቅሽ?»

ወደ ጭዱ ሮጠ። አክስቴ በዚያ በለስላሳ የውድድር ጫማዋ መጥታ ልክ በቀኙ ቆማ ነበር። አንድ ቃል ብትናገር፣ «እዚህ ነኝ» ብትል፣ ዞር ብሎ ይስቅ ነበር፤ ጨዋታ ነው ብሎ ያልፍ ነበር፤ ሰውም አብሮት ይስቅ ነበር። አልተናገረችም። በጓንቷ አፏን አፍና ቆመች። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት አየችኝ፤ ራሷን ነቀነቀች፤ የዓይኗን ነገር አልረሳውም።

አባቴ ጭዱ አጠገብ ተንበረከከ። እጁን በቀስታ ሸራው ላይ አሳረፈ፣ የተጎዳ ሰው እንደሚነካ። «ተናገሪ እንጂ እህቴ፣ የቱ ጋ ነው ያመመሽ? አትነሺ፣ አትንቀሳቀሺ፣ ሐኪም ይመጣል» አለ። ከሕዝቡ መካከል አንዳንዱ ሳቀ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። ሳቁ ሳይጨርስ ተቆረጠ። ቧንቧ ሠራተኛው ከአጥሩ ላይ ወርዶ ፊቱን አዞረ። መርማሪው ኮፍያቸውን አውልቀው ከነኖራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ደርቀው ቀሩ።

የአባቴ እጅ በሸራው ላይ ሲሄድ፣ ጫፉን ሲያገኝ፣ ጭዱን ሲነካ አየሁ። እዚያው ቆመ። አልተነሳም፤ ማንንም አልጠራም። ጭዱን ይዞ ተንበርክኮ ቆየ። በኋላ ሽማግሌው መጥተው በብብቱ ገብተው አነሱት። አክስቴ ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ፣ ድምፅ አውጥታ እንደ ሕፃን ያለቀሰችው።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ማሽን ላይ አልወጣም፤ ጭጋጉም ቀስ በቀስ ጨለማ ሆነበት። ለአክስቴ አንድ ቃል አይናገራትም። እሷ እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ አንሶላውን ትለውጣለች፣ በርበሬው ጨው ይኑረው አይኑረው ለእኔ ትነግረኛለች፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል፣ እሷም ትሄዳለች። በሕይወት አሉ፣ ሁለቱም። እኔ ይህንን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አያጽናናኝም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሷ ወጥታ በሩን ስዘጋ፣ አባቴ ስለዚያ ቀን ጠየቀኝ። «የት ነበር የቆመችው?» አለኝ።

«አጠገብህ።»

«ምን ያህል አጠገቤ?»

ልዋሸው አሰብኩ፤ አቃተኝ። «እጅህን ብትዘረጋ ትነካት ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ትንፋሿን ሰምቼ ነበር። የዕድሜ ልኬን ትንፋሽ ላጣው ነው? ጭዱን ስነካ እሷ በቀኜ ታለቅስ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልዞርክም፣ አባዬ?»

«ዞሬስ ምን ሊታየኝ?» አለኝ።